ሦስተኛው መጽሐፍ፣ ከገና በፊት

ሰኞ፣ ኦክቶበር 14

ዝናቡ ዛሬ አባራ። ሸለቆው ግን ጉም ሞልቶታል፣ ከታች ያለው መንደር አይታይም። ለአሳማው ቅጠል ቆርጬ ቀቀልኩና ወደ እትዬ ንጌኒ ሱቅ ወጣሁ። ግማሹ ሳሙናና ክር፣ ግማሹ መጽሐፍ ነው። ለገና የሚወጡት መጻሕፍት ስም በሩ ላይ ተለጥፏል። ቆሜ ደጋግሜ አነበብኩት።

አንዱ ወንጌል ሊሰብክ ድንበር ስለተሻገረ ልጅ ነው። አንዱ ስለ አንዲት ነርስ… ፍቅር አለበት፣ የጎረቤታችን ልጅ ማፑዪ የምትጠብቀው እሱን ነው። የእኔና የእህቴ ከታች ነው። ፓርቴ የምትባል ልጅ ታሪክ፣ ሦስተኛውና የመጨረሻው። «ከገና በፊት» ይላል። ቀን የለውም።

«እትዬ… መቼ ይመጣል?»

«አንቺ ልጅ፣ ለመጽሐፍ ካልሆነ አፍሽ አይከፈትም? እናትሽ ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«ሲመጣ የመጀመሪያውን ላንቺ አስቀምጣለሁ። በይ ሂጂ፣ ብርሃኑን ጋረድሽብኝ።»

ለእህቴ ለቹንጊ ስነግራት ልጇን እያጠባች ነበር። «ከገና በፊት?» አለች። አንገቷን ወደ ልጇ ደፋች። ግን አየኋት… ፈገግ ብላለች።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 16

ለራሴ በግልጽ ልጻፈው፣ ምናልባት ይቀለኝ እንደሆነ።

ቹንጊ ሳታገባ ወለደች። የልጇ የሙዋና አባት ወታደር ነው፣ ሩቅ አገር። «የእኔ አይደለም» ብሎ ላከ። አምና የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ቹንጊን ከጌታ ማዕድ አገዷት። አባ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነው። ያን ቀን እዚያው ተቀምጦ ነበር። ቤት መጣ፣ ጫማውን አወለቀ፣ ሻይ ጠጣ፣ ተመልሶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ከእሷ ጋር አያወራም። አይቆጣም፣ አይሰድብም… ዝም ነው። «ዛሚ፣ እሳቱ ጠፍቷል በያት» ይለኛል። እሷ እኮ ከእሳቱ አጠገብ ተቀምጣለች!

የታገደ ሰው ልመለስ ካለ ለፓስተሩ ይነግራል። እሁድ ስሙ በጉባኤው ፊት ይነበባል፣ ተነስቶ ይቆማል፣ ይቀበሉታል። ቹንጊ እስካሁን አልጠየቀችም። ዴልሂ ያለችው ጓደኛዋ ነይ ነይ ትላታለች። ምግብ ቤት ውስጥ ሥራ አለ አሉ። ከሄደች ትመለሳለች? የሄዱት መች ተመለሱ?

በሁለተኛው መጽሐፍ መጨረሻ ፓርቴም ታግዳ፣ ልጇን አዝላ፣ የቤተ ክርስቲያኑን በር ይዛ ቆማለች። እዚያ ላይ ያልቃል! ቹንጊ መጽሐፉን ዘጋችና «እንግዲህ ይቺ ልጅ የምታደርገውን አይቼ እወስናለሁ» አለች። እየሳቀች ነው ያለችው። እኔ አልሳቅኩም።

ፓርቴ ትግባ። ጌታ ሆይ፣ ትግባ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 26

እትዬ ንጌኒ ዛሬም በደጃችን አለፉ።

ሩዝ ሊቀቀል ሲል አንድ እፍኝ ለቤተ ክርስቲያን ይነሳል፣ በየቤቱ እንዲሁ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እሳቸው ይሰበስባሉ። ቹንጊ ከታገደች ወዲህ ግን እኛ ጋ አይገቡም። ከእነማፑዪ ቤት ይወጣሉ፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ይተክላሉ፣ ወደሚቀጥለው ቤት ይሄዳሉ። ሱቅ ስሄድ ግን ደህና ነው የሚያናግሩኝ… እንዴት ነው ነገሩ?

እማ እፍኟን አልተወችም። ቹንጊም ተራዋ ሲደርስ ታነሳለች። ጣሳው ሞላ፣ ባልዲ ተጨመረ።

«እማ፣ ለምንድን ነው የምናጠራቅመው?»

«የእግዚአብሔር ነው። አንበላውም።»

«ካልወሰዱትስ?»

«ዝም ብለሽ እሳቱን አራግቢ።»

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 12

መንገዱ ተናደ። ከዋናው ከተማ ከአይዞል መኪና አይመጣም፣ መጽሐፉም የለም።

የውሃው ቧንቧ ጋ ማፑዪ ሁሉንም አሳቀች። «ነርሴ ጭቃ ውስጥ ቀረች! ያንቺ ፓርቴ እንኳ ለምዳዋለች፣ ዓመቱን ሙሉ በር ይዛ ቆማ የለ?» ሳቁ። እኔም ለመሳቅ ሞከርኩ። ማፑዪ ክፉ አይደለችም፣ አፏ ነው።

ከሰዓት ከዴልሂ ተደወለ። ቹንጊ ስልኩን ይዛ ወጥታ ነው ያወራችው። ስትመለስ የሙዋናን ልብሶች አውጥታ አጣጠፈች። ለምን ሁሉንም?

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 20

አልመጣም።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 23

እንዴት እንደደፈርኩ አላውቅም።

እትዬ ንጌኒ እንደ ልማዳቸው ሲያልፉ እማ መስኮቱ ጋ ነበረች። አየኋት። ፊቷን አየሁት። ባልዲውን አነሳሁና ተከተልኳቸው።

«እትዬ…» ድምፄ አልወጣም። «እትዬ ንጌኒ!»

ዞሩ። «ምንድን ነው እሱ?»

«ሩዛችን ነው። ለምን አይወስዱልንም?»

ቅርጫታቸውን መሬት አስቀመጡ። «እኔ እኮ… እናትሽ እንዳታፍር ብዬ ነው። በቹንጊ ነገር ልቧ አዝኗል፣ እየገባሁ ዓይን ዓይኗን አልያት ብዬ።»

«እማ እምቢ የተባልን መስሏታል።»

«እምቢ? የእግዚአብሔርን እፍኝ ማን እምቢ ይላል! ዓመቱን ሙሉ እንዲህ እያሰባችሁ ነው? ኧረ እኔን መሬት ትዋጠኝ!»

ባልዲውን ከእጄ ነጥቀው ቀድመውኝ ገቡ። ይቅርታ ይጠይቃሉ ብዬ ነበር። አልጠየቁም። እማም ስለ ሩዙ አላነሳችም። «ሻይ ልቅዳልሽ?» አለች።

«ቅጂ። ስኳሩን ደግሞ አትቆጥቢብኝ፣ የዓመት ውዝፍ አለብሽ።»

እማ ሳቀች። ከዚያ በልብሷ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ቹንጊ ከጓዳ አልወጣችም። ግን ሰምታለች፣ የድስቱ ድምፅ ቆሞ ነበር።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 5

መጣ! መንገዱ ተጠርጎ በመጀመሪያው ጂፕ መጣ። እትዬ ንጌኒ ካርቶኑን በጥርሳቸው ሊቀድዱት ምንም አልቀራቸውም። «በይ ያዢ፣ ያንቺ። ማፑዪ ሳታይሽ ሩጪ።»

ቤት አልወሰድኩትም። አስቀድሜ ልየው ብዬ ከአሳማው ቤት ጀርባ ተቀምጬ አነበብኩት። ስምንተኛ ክፍል ላይ ካቆምኩ ወዲህ ሳነብ አዘግማለሁ፣ ዛሬ ግን ዓይኔ ሮጠ።

ፓርቴ አልገባችም።

በሩን ለቀቀች። ልጇን አዝላ መኪና ተሳፈረች። ዴልሂ ገባች። እዚያ በአንዲት ትንሽ ክፍል ውስጥ የሚጸልዩ የአገሯን ልጆች አገኘች፣ ጌታን አገኘች፣ ደግ ሰው አገባች። ደስ ብሏት ትኖራለች።

አለቀስኩ። ጥሩ መጽሐፍ ነው… ያስፈራኝም እሱ ነው። መጥፎ ቢሆን ወዲያው ለቹንጊ በሰጠኋት።

ከማገዶው ኋላ ደበቅሁት። ማታ «ገና አልመጣም?» አለችኝ። «ገና ነው» አልኳት። እንዲህ ዓይኗን እያየሁ ዋሽቻት አላውቅም። ለእሷ ብዬ ነው… ነው እንዴ? ወይስ ለራሴ?

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 10

ማፑዪ ከአጥር ማዶ ጮኸች። «ቹንጊ! ያቺ ፓርቴሽ ዴልሂ ገባች አይደል? እኔ ቤተ ክርስቲያን ትገባለች ብዬ ከእናቴ ጋር ተወራርጄ ነበር!»

ቹንጊ ዞር ብላ አየችኝ።

«የት ደበቅሽው?»

አመጣሁላት። አመድ ነክቶታል። በእጇ ጠረገችው።

«እንዳልሄድብሽ ነው?»

«አዎ» ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

«ዛሚዬ፣ በወረቀት ልጅ አገሬን የምለቅ መሰለሽ?»

«ራስሽ ነሽ እኮ አይቼ እወስናለሁ ያልሽው።»

«ብያለሁ። አንቺ ስትጠብቂው ፊትሽ ይበራ ነበር። እኔም ካንቺ ጋር የምጠብቀው ነገር ፈለግሁ። ሌላ ምን ነበረኝ?»

ከዚያ ነገረችኝ። እትዬ ንጌኒ ሻይ በጠጡ ማግስት ሄዳ ፓስተሩን ልመለስ ብላቸዋለች! የፊታችን እሁድ ስሟ ይነበባል። እልል ልል ነበር። በእጇ አስቆመችኝ።

«ቆይ። ማስታወቂያ የሚያነበው ማን ነው?»

አባ ነው። ሁልጊዜ እሱ ነው።

«ለዚህ እሁድ ሌላ ሽማግሌ ያንብብልኝ ብሎ ለምኗል። ፓስተሩ ናቸው የነገሩኝ። ስሜን መጥራት ካሳፈረው፣ እዚያ ቆሜ ምን እሠራለሁ? ሌላ ሰው ካነበበው አልነሳም። ሰኞ ጂፕ አለ።»

ልብሶቹ እንደተጣጠፉ ናቸው።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 12

አባ ከቤት በታች ለአሳማው አጥር ቀርከሃ ሲሰነጥቅ አገኘሁት። ሄድኩ፣ ተመለስኩ። እንደገና ሄድኩ።

«አባ።»

«እ?»

«እሁድ የቹንጊን ስም ለምን አታነብም?»

ቢላው ቆመ። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸም።

«እኔ ካነበብኩት፣ ሽማግሌው ልጁን አስገባ ይባላል። ማንም እንዳያንሾካሹክባት ብዬ ነው። መግባቷ ንጹህ እንዲሆንላት።»

«እሷ ያፈርክባት ነው የመሰላት። አልነሳም፣ ሰኞ እሄዳለሁ ብላለች።»

«እንዴት እንዲህ ታስባለች? አባቷ አይደለሁም?»

«ነግረሃት ታውቃለህ?»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ? እኔ?

ቀርከሃውን አንስቶ መሰንጠቅ ጀመረ። ስንጥቁ ጠመመበት። የአባ ስንጥቅ ሲጠም አይቼ አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 14

አባ ምንም አልተናገረም። ቹንጊ ቦርሳዋን በሩ ጋ አስቀመጠች። እማ አየችው፣ አለፈችው።

እሁድ፣ ዲሴምበር 15

ቀስ ብዬ ልጻፈው፣ ምንም እንዳይቀር።

ሴቶች በግራ፣ ወንዶች በቀኝ። እኔና ቹንጊ ኋላ፣ በሩ አጠገብ። ሙዋናን አዝላዋለች። ሌላው ሽማግሌ ወረቀቱን ይዘው ወጡ። የገናው ግብዣ ማገዶ፣ የመዘምራን ልምምድ፣ ስለ ጠፋ ጃንጥላ… አነበቡ። የቹንጊን ስም ግን አላነሱም። ወረቀቱን አጠፉና ሄደው ተቀመጡ።

አባ ተነሳ። ወረቀት አልያዘም። መነጽሩን ግን አደረገ።

«ሊያንቹንጊ» አለ፣ በሙሉ ስሟ። ድምፁ ቀጭን ነበር። «ልመለስ ብላለች። ልጄ ናት።»

ቆመ። መነጽሩን አስተካከለ።

«ወዳጆቼ፣ የራሱን ልጅ አስገባ ትሉኝ እንደሆነ በሉኝ። የማንን ላስገባ? ዓመት ሙሉ አንድ ቃል ሳልናገራት ከአንድ ድስት በልተናል። ያጠፋችውን መዝግበን አግደናታል። የእኔን ማንም አልመዘገበም።»

ከዚያ ወረደ። ወደ ቦታው አልሄደም። በመካከለኛው መተላለፊያ መጣ፣ ወደ ሴቶቹ ጎን፣ ወንድ ወደማይቀመጥበት። እስከ ኋላ መጣ። ቹንጊ አጠገብ ቆመ።

ቹንጊ ገና ተቀምጣ ነበር። አባ እጁን አልዘረጋም። ቆሞ ጠበቃት ብቻ።

ተነሳች።

ፓስተሩ «ትቀበሏታላችሁ?» ብለው ሳይጨርሱ ከበሮው ተመታ። ማን እንዳዘዘ አይታወቅም። እትዬ ንጌኒ ከሁሉ ቀድመው በተሳሳተ ቅኝት መዝሙሩን አነሱት፣ ሕዝቡም እየተሳሳተ ተከተላቸው። ሙዋና ደንግጦ የአባን መነጽር ቀማው። አባ አምጣ አላለውም። እንደቆመ፣ ሳያይ፣ ዘመረ።

ሰኞ፣ ዲሴምበር 16

ጂፑ ጡሩምባውን ነፋ። ቹንጊ ጎመን እየቀነጠሰች ነበር። ቀና አላለችም።

እሁድ፣ ዲሴምበር 22

ቹንጊ ከጌታ ማዕድ ወሰደች። ሌላ ምን ልጻፍ?

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 8

ቹንጊ ሦስተኛውን መጽሐፍ አሁን ገና ጨረሰች። እንዴት ነው ብላት፣ «ጥሩ ነው። ግን ይቺ ልጅ አባት የላትም እንዴ? በሦስት መጽሐፍ አንዴ እንኳ አልተናገረም!» አለች። እኔ አስተውዬው አላውቅም ነበር። ማፑዪ የነርሷን መጽሐፍ አውሳኛለች፣ ገና አልጀመርኳትም። ልጀምር ስል ነው ጠቡ የተነሳው።

አባ ለሙዋና የተጠበሰ የአሳማ ጮማ ሲያስልሰው ቹንጊ ደረሰችበት።

«አባ! ጥርሱ እንኳ አልሞላ፣ ልታንቀው ነው?»

«አንቺን በዚሁ ነው ያሳደግሁሽ!»

«ለዚህ ነዋ እንዲህ የሆንኩት!»

«ምን ሆንሽ? ከእኔ የባሰ አፍ ነው ያወጣሽው!»

«ከማን ወረስኩት ታዲያ?»

«ከእናትሽ!»

«እኔን ተዉኝ!» አለች እማ ከጓዳ። «ምን ጉድ ነው፣ ጎረቤት ይሰማል!»

ሙዋና ጮማውን ይዞ ይስቃል። አባ ጮኸ፣ ቹንጊ ጮኸች፣ ማንም ማንንም አይሰማም። ነርሷን ብብቴ ሥር አድርጌ ወጣሁና ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። አልከፈትኳትም። እስኪጨርሱ አዳመጥኳቸው።