አራት ሳንቲሜትር ስለበለጠው የአሸዋ አጥሬ

ለተከበሩ የባሕር ዳር አሸዋና አጥር ጉዳይ ክፍል ኃላፊ፣
ኦስሎ

ክቡር ሆይ፤

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ የክፍልዎ ሠራተኞችም፣ በመደርደሪያ ላይ ተራቸውን የሚጠብቁት ፋይሎችም ሁሉ በሙሉ ጤንነት ላይ እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከወገቤ ሕመም በቀር ደህና ነኝ፤ የወገቤም ሕመም ከአካፋ የመጣ ስለሆነ ክፍልዎን አያሳስበው።

ስሜ ወንድይራድ ዓምሃ ይባላል። ሆልምሊያ እኖራለሁ፤ በአንድ ትምህርት ቤት በቫክትሜስተርነት ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አገልግያለሁ፤ ማለትም የተሰበረ በርና የሚያፈስ ቧንቧ ሁሉ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። ይህን የምነግርዎ ለመመካት ሳይሆን ጥፋቴ ሁሉ ከዚሁ መመካት ስለተወለደ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት እኔና ባለቤቴ ጸዳለ በፊዮርዱ ዳር አንዲት ሂተ፣ የበጋ ማረፊያ ቤት፣ ገዛን። ቤቷ ትንሽ ናት፤ እንግዳ ሲመጣ እኔ ወጥቼ ነው የሚገባው። ከፊቷ አሸዋ፣ ከአሸዋው ወዲያ ውሃ አለ፤ ነፋስ በተነሣ ቁጥር አሸዋው ደጃችን ድረስ እየመጣ ይጠይቀናል። ይህን ጥየቃ ለማስቀረት የአሸዋ አጥር ለመትከል ወሰንኩ።

በቁጥር የተቀመጠ ቅሬታ ለፋይል አያያዝ እንደሚመች ስለማውቅ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩. የፈቃድ ማመልከቻዬን ያስገባሁት በጃንዋሪ ነው። ክፍልዎም ማመልከቻዬ መድረሱን በዚያው ደቂቃ፣ እጅግ በሚያስደስት ፍጥነት አስታወቀኝ፤ ከዚያ እስከ ማርች መጨረሻ ድረስ ዝም አለኝ። ኦስሎ ተወልዳ ያደገችውና ሕግ የምታጠናው ልጄ ማርያ፣ ዝምታ ፈቃድ የሚሆንበት አንቀጽ እንደሌለ ደጋግማ ነግራኛለች። እኔ ግን ጣውላውንም ምስማሩንም ገዝቼ ስለነበር ዝምታዎን እንደ ፈቃድ ተረጎምኩት።

፪. መመሪያዎ ትክክል ነው። ይህን በቅሬታነት የማቀርበው፣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት መዶሻ የያዘ ሰው ተሳስቶ ዐሥራ አራት ገጽ ወረቀት ትክክል ሆኖ ሲገኝ በጣም ስለሚያናድድ ነው። መመሪያው የአሸዋ አጥር ቁመት ከመቶ ሃያ ሳንቲሜትር እንዳይበልጥ፣ በጣውላና በጣውላ መካከልም የአንድ ጣውላ ያህል ክፍተት እንዲተው ያዝዛል። ማርያ ይህን አንብባ፣ "ፓፓ፣ ግማሹ ክፍት መሆን አለበት" አለችኝ። እኔም ግማሹ ክፍት የሆነ ነገር አጥር ሳይሆን ያላለቀ ሥራ እንደሚባል አስረዳኋት፤ ጣውላዎቹን ትከሻ ለትከሻ አጋጥሜ፣ ብርሃን እንኳ የማያሳልፍ አጥር በሁለት ቀን አቆምኩ። ከአጥሩ ፊት ቆሜም ፎቶ ተነሣሁ።

በኤፕሪል አጋማሽ ሦስት ቀን የደቡብ ነፋስ ነፈሰ። ለካስ ክፍተት ያለው አጥር ነፋሱን እያዘገየ አሸዋውን እዚያው ያስጥለዋል፤ እንደ እኔ ድፍን የሆነው ግን ሽቅብ አንሥቶ ወዲያ ማዶ ይጥለዋል። በእኔ ዘንድ የጣለው በሁለት ቦታ ነበር። አንደኛው የራሴ በር ነው። በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ስለሆነ ከዚያ በኋላ በመስኮት ገባሁ፤ የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው በገዛ ቤቱ መስኮት እግሩን አንጠልጥሎ ሲገባ ጸዳለ በስልኳ ቀረጸችኝ፤ ቪዲዮውም በሁለት ሰዓት ውስጥ ቫይትቬት ያሉ ዘመዶቻችን ዘንድ ደረሰ።

ሁለተኛው ቦታ የጎረቤቴ የወይዘሮ ቶሪል መንገድ ነበር። እዚህ ላይ ቁጥር መስጠት አቆማለሁ፤ ቅሬታው በእኔ ላይ ነውና።

ወይዘሮ ቶሪል የሰማንያ አንድ ዓመት ባልቴት ናቸው። ከቤታቸው እስከ ውሃው ድረስ በጣውላ የተነጠፈ ቀጭን መንገድ አላቸው፤ በየማለዳው ባለ ጎማ መደገፊያቸውን እየገፉ ይወርዱና፣ ክረምት ይሁን በጋ፣ ውሃ ውስጥ ገብተው ይወጣሉ። ልጃቸው ወደ አረጋውያን መኖሪያ እንዲገቡ ከፈለገ ሁለት ዓመት ሆኖታል። እሳቸውም ውሃው ድረስ በእግሬ እስከወረድኩ ድረስ የትም አልሄድም ብለውት፣ በዚሁ ተስማምተው ይኖሩ ነበር። ይህን ስምምነት እኔ አላውቅም ነበር፤ ባውቅም ጣውላዎቹን ከማጋጠም የምመለስ አይመስለኝም።

ነፋሱ በቆመበት ማለዳ እኔ ደጄን ስዝቅ እሳቸው ሲወርዱ አየኋቸው። የመደገፊያው ጎማዎች አሸዋው ውስጥ ሰጠሙ፤ እሳቸውም ወደፊት በእጃቸው ወደቁ። ሮጬ ስደርስ ፎጣቸው አንገታቸው ላይ እንዳለ አሸዋው ላይ ተቀምጠው፣ አንድ እጃቸውን በሌላው ይዘዋል። አላለቀሱም፣ አልተቆጡኝም። አጥሬን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱትና፣

"አጥርህ በጣም ያምራል ወንድይራድ። ለማን ነው የሠራኸው?" አሉኝ።

የእጃቸው አንጓ ተሰብሮ ኖሮ ሐኪም ቤት በጀሶ ታሰረ። ከጎናቸው ተቀምጬ በማውቀው ኖርዌጂያንኛ ሁሉ ይቅርታ ጠየቅኩ። እሳቸው የጠየቁኝ ግን መንገዱ መቼ እንደሚጠረግ ብቻ ነበር፤ ልጃቸው በጁን መጥቶ ጉዳዩን እንደሚጨርስ በስልክ ነግሯቸው ነበርና።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚያው ሂተዋ ውስጥ እያደርኩ በየማለዳው ሥራ ከመግባቴ በፊት መንገዱን እዝቅ ነበር። ከሥራ ስመለስ አሸዋው ተመልሶ ይጠብቀኛል።

በሜይ መጀመሪያ የክፍልዎ ባልደረባ አቶ ፊሊፕ መጡ። ወጣት፣ ጨዋና ንጹሕ ጫማ ያላቸው ሰው ናቸው። አጥሩን በሦስት ቦታ ለክተው መቶ ሃያ አራት ሳንቲሜትር ሆኖ አገኙት። እኔ በአሸዋ የተቀበረውን መንገድ ባሳያቸው፣ በያዙት ቅጽ ላይ ስለ መንገድ የሚጠይቅ ቦታ እንደሌለ በትሕትና ገለጹልኝ። በሳምንቱ የደረሰኝ ደብዳቤ አጥሩን በአራት ሳንቲሜትር እንዳሳጥር፣ ነገር ግን ወፎች ጫጩት የሚፈለፍሉበት ወቅት ስለሆነ እስከ ጁላይ ዐሥራ አምስት ድረስ አንድም ምስማር እንዳልነካ ያዝዛል። ስለ ድፍንነቱ አንድ ቃል የለበትም። ስልክ ደውዬ ጨርሶ ላፈርሰው ብለምን፣ ለማፍረስም ማመልከቻ እንደሚያስፈልግና መልሱ ዐሥራ ሁለት ሳምንት እንደሚፈጅ ተነገረኝ። ሴትየዋ እስከዚያ እንዴት ይውረዱ ብዬ ስጠይቅ የመለሰልኝ የስልኩ የማቆያ ሙዚቃ ነበር፤ ሙዚቃው ግን ጥሩ ነበር፣ አመሰግናለሁ።

ስለዚህ ወንጀሌን በይፋ እናዘዛለሁ። የፈጸምኩት በሜይ ዐሥራ ሰባት ነው፤ በብሔራዊው በዓል ቀን የክፍልዎ ሰዎች ሁሉ ባንዲራ ይዘው ሰልፍ ላይ እንደሚሆኑ አስልቼ ነው። ማርያ አስቀድማ በአጥሩ ዙሪያ የወፍ ጎጆ ፈልጋ አጣች፤ ከዚያም ስለ ክፍተቱ የሚናገረውን የመመሪያውን አራተኛ ገጽ ከፍታ አጠገቤ ቆመች። ወይዘሮ ቶሪል የበዓል ልብሳቸውን በብር ጌጡ እንደለበሱ፣ ጀሶውን በአንገታቸው አንጠልጥለው መጡና፣ በደህናው እጃቸው የምስማር ቆርቆሮ ያዙልኝ። እኔም ከጫፍ ጀምሬ አንዱን ጣውላ እየተውኩ ቀጥሎ ያለውን ነቀልኩ። የተረፉትንም በአራት ሳንቲሜትር አሳጠርኩ። ሥራው ሦስት ሰዓት ፈጀ። ሲያልቅ አጥሩ መመሪያዎ እንደሚለው ሆነ፤ ማርያ ገጹን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

በሚቀጥለው ነፋስ አሸዋው እዚያው ከአጥሩ እግር ሥር ቀረ።

በጁን የወይዘሮ ቶሪል ልጅ የአረጋውያን መኖሪያውን ወረቀቶች በፋይል ይዞ መጣ። እናቱ ጀሶውን በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልለው፣ መደገፊያቸውን በአንድ እጅ እየገፉ ወደ ውሃው ሲወርዱ በመንገዱ ራስ ላይ ቆሞ አያቸው። እኔም አካፋዬን ይዤ ቆሜ ነበር። ልጁ ፋይሉን ጣውላው ላይ አኖረና ጫማውን አውልቆ ተከተላቸው። ማታ ወደ ከተማ ሲመለስ ወረቀቶቹ አልተፈረሙም።

በዚያው ሳምንት አቶ ፊሊፕ ተመልሰው አጥሩን ከየአቅጣጫው ፎቶ አነሡ፤ ቀጥሎም ያለፈቃድ የተለወጠው አጥር በሠላሳ ቀን ውስጥ ወደ ቀድሞ ይዞታው እንዲመለስ የሚያዝዝ ደብዳቤ ደረሰኝ። የቀድሞ ይዞታው፣ ክቡር ሆይ፣ አራት ሳንቲሜትር የሚተርፈውና ሰው የሚጥለው ነው። በሕይወቴ አንድ ነገር በትክክል ስሠራ ይህ የመጀመሪያዬ ስለሆነ እንድመልሰው እጄ እሺ አላለኝም። ለሰጡኝ ትኩረት፣ ለዐሥራ አራቱ ገጾችና በተለይ ለአራተኛው ገጽ ያለኝን ምስጋና እየገለጽኩ፣ ቅጣቱን በመልካም ፈቃድ እጠብቃለሁ።

ከፍ ካለ፣ ነገር ግን ከመቶ ሃያ ሳንቲሜትር ከማይበልጥ አክብሮት ጋር፣

ወንድይራድ ዓምሃ
ያለፈቃድ ተካይ፣ ያለፈቃድ ነቃይ
ሆልምሊያ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ማርያ የክፍልዎን ድረ ገጽ በስልኳ አሳየችኝ። በፊተኛው ገጽ ላይ "በመመሪያው መሠረት በትክክል የተተከለ የአሸዋ አጥር" የሚል ጽሑፍ ከሥሩ ያለው ትልቅ ፎቶ ወጥቷል። አጥሩ የእኔ ነው፤ በስተቀኝ ጠርዝ ላይ ተቆርጦ የቀረው ክርንም የእኔ ነው። ሊያስፈርሱት ለሚልኳቸው ሰዎች አድራሻው እንዳይጠፋቸው ፎቶውን ይዘው እንዲመጡ በትሕትና አሳስባለሁ።