የሰባተኛው ኪሎ ሜትር መታጠፊያ

ውድ ድንበረኛ፣

ስሙን ያወጣሁልዎ እኔ አይደለሁም። ማንም ሰው በኢንተርኔት ገብቶ በሚጽፍበት በመዝገበ ዕውቀቱ ላይ የሚጽፉበት ስም ነው። እውነተኛ ስምዎን ከላኩልኝ ፖስታ ጀርባ አይቼዋለሁ፤ ግን ባለቤቴ ሦስት ዓመት ሙሉ «ድንበረኛ» ስትልዎ ስለኖረች እኔም በዚያው ልጥራዎት። «ውድ» የምትለዋን ቃል ለመጻፍ ሁለት ወረቀት አበላሽቻለሁ። ከልቤ መውጣቷን አሁንም አላውቅም።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ባለፈው ሳምንት ነው። አድራሻዬን ባለቤቴ ከሠራችበት ትምህርት ቤት ጠይቀው ማግኘትዎን፣ ስለ ሐዘኔም ያሉትን አነበብኩ፤ ፈጣሪ ይስጥልኝ። ከዚያ ወደ ጉዳይዎ ገቡ። ስለ ግዛታችን ከባለቤቴ ጋር አብራችሁ በጻፋችሁት መጣጥፍ ውስጥ ስለ ዋናው መንገድ መታጠፊያ የምትናገር አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፤ ባለቤቴ የጻፈቻት ናት። ገምጋሚዎቹ «ምንጭ ያስፈልጋል» የሚል ምልክት ለጥፈውባታል። እስከ ወሩ መጨረሻ ምንጭ ካልተገኘላት ወይም ካልተሰረዘች መጣጥፉ ከመዝገቡ ምርጥ መጣጥፎች ተርታ አይገባም። እርስዎ ደግሞ «የእሷን ዓረፍተ ነገር ከምሰርዝ እጄን ልሰብስብ» ብለዋል። የሁለት ቀን መንገድ ተጉዘው እኛ ከተማ ሊመጡና የመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤቱን የድሮ መዝገብ ሊያገላብጡ ቆርጠዋል፤ ያውም በዚያ በሚያስቸግርዎ ጉልበት።

እባክዎ አይምጡ። ለምን እንደሆነ እነግርዎታለሁ፤ ከመጀመሪያው ካልጀመርኩ ግን አይወጣልኝም።

ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆመ ሰው ነኝ። ሠላሳ ሁለት ዓመት መንገድ ላይ ሠራሁ፤ መጀመሪያ ለቀያሾች ችካል ተካይ፣ በኋላ የግሬደር ሹፌር። ባለቤቴ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበረች፤ እንደሚያውቁት። «እንደሚያውቁት» ብዬ ስጽፍ ምን ያህል እንደሚያንገሸግሸኝ ግን አያውቁም። ጡረታ ከወጣች ወዲህ፣ ምሳ በልተን እኔ ጋደም ስል እሷ መስኮቱ አጠገብ ኮምፒውተሯ ፊት ትቀመጣለች። ምን እንደምትጽፍ አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም። አልፎ አልፎ «የወንዙ ድልድይ ስንት ሜትር ነው?» ትለኛለች። ዓይኔን ሳልገልጥ ቁጥሩን እነግራትና «ምን ይሠራልሻል?» እላለሁ። መልሷን ሳልሰማ እንቅልፍ ይዞኝ ይሄዳል።

ካረፈች ሰባት ወር ሲሆናት ልጃችን መጥታ ኮምፒውተሩን ከፈተችው። ልጃችን ነርስ ናት፤ ከመርፌዋ ምላሷ ይወጋል። የእናቷን ሥራ አይቼ እንድጽናና ፈልጋ ነው። ስለ ግዛታችን ሰው ሁሉ የሚያነበውን ገጽ ግማሹን እማዬ ናት የጻፈችው፣ ግማሹን ደግሞ እኚህ ሰውዬ፣ አለችኝ። እኔ የሰማሁት «እኚህ ሰውዬ» የሚለውን ብቻ ነው።

የውይይት ገጹን አሳየችኝ፤ የሦስት ዓመት ወሬ። እኔን «አንተ» ለማለት ስድስት ወር የፈጀባት ሴት፣ እርስዎን በሦስተኛው ቀን «አንተ» ብላዎታለች። ስለ ግዛቱ ስፋት፣ ሐይቁ ይቆጠር አይቆጠር በሚል፣ አሥራ አንድ ቀን ተጨቃጭቃችኋል። በመጨረሻ «ተሸነፍኩ፣ ሐይቁን ውሰደው» ብላ ጻፈችልዎ። በሠላሳ አራት ዓመት ትዳር እኔን ተሸነፍኩልህ ብላኝ አታውቅም። እርስዎም «ካንቺ ጋር መጨቃጨቅ ከሌላው ጋር ከመስማማት ይጣፍጣል» ብለው መለሱላት። ይህችን ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት አልነግርዎትም።

ይባስ ብሎ ሌላም አየሁ። ስለ ዝናብ መጠን ስትጽፍ ቆይታ «ዛሬ ይብቃኝ፣ ጎኔን እየወጋኝ ነው» ትልዎታለች። ሐኪም ዘንድ ሂጂ፣ ለባለቤትሽም ንገሪ አሏት። «እሱ ይደነግጣል» አለች። ቀኑን አየሁት። እኔ የሰማሁት ከዚያ ሰባት ሳምንት ቆይቶ ነው።

ልክ ብለዋታል፤ ይህን አልክድም። ልክ ማለትዎ ግን አባሰብኝ።

ልጄን እኔም መጻፍ እፈልጋለሁ አልኳት። ደስ ብሏት መለያ ስም አወጣችልኝ፣ የት የት እንደሚጫን አሳየችኝ። «አባዬ፣ ጣትህ ራሱ ግሬደር ነው፤ ቀስ በል» እያለች ስታስተምረኝ አመሸች። እሷ እናቷን የማግዝ መስሏታል። በማግስቱ ጠዋት ጸሎቴን አድርሼ ተቀመጥኩ። እያንዳንዱ ለውጥ ከሠራው ሰው ስም ጋር የሚመዘገብበት ገጽ እንዳለ ተምሬ ነበር። የእርስዎን ስም እየፈለግኩ በስሙ አጠገብ ያገኘሁትን ሁሉ ሰረዝኩ። ሐይቁን ሰረዝኩ። የሰሜኑን ድንበር ሰረዝኩ። በሦስት ጠዋት አሥራ አራት ዓረፍተ ነገር አጠፋሁ፤ ሦስቱንም ቀን ከጸሎት ተነሥቼ።

ስለ ትምህርት ቤቶች የሚያወራውን አንቀጽም አጠፋሁት። ስምዎ አጠገቡ ስለነበር የእርስዎ መስሎኝ ነው። ለካ እርስዎ ያረሙት አንድ ነጠላ ሰረዝ ብቻ ኖሯል፤ ጽሑፉ ከዳር እስከ ዳር የእሷ ነበር። እርስዎ ወዲያው ወደ ቦታው መለሱትና እንዲህ ብለው ጻፉልኝ፦ «ወንድሜ፣ ይህ የጓደኛዬ ሥራ ነው። አሁን ቆማ ልትከራከርለት አትችልም። በእኔ ተናደድ፣ የእሷን ግን ተወው።»

እኔም «ድንበርህን እወቅ፣ ያላየኸውን አገር አትጻፍ» ብዬ መለስኩ፤ ሌላም ጨመርኩበት፣ እዚህ የማልደግመውን። አስተዳዳሪዎቹ ለስድስት ሳምንት አገዱኝ። እርስዎ ግን «አዲስ ሰው ይመስለኛል፣ አትክበዱበት» ብለው ለመኑልኝ።

«እውነተኛው» በሚል ስም ያን ሁሉ ያደረስኩብዎ እኔ ነኝ። ስሙን የመረጥኩትም እኔው ነኝ።

ልጄ መታገዴን ስታውቅ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ አልሳቀችም።

«አባዬ፣ በሞተ ሰው ይቀናል?»

«በሞተችው አይደለም። በቆመው ነው።»

«እሱም ቢሆን በምርኩዝ ነው የቆመው። እማዬ እኮ ሰውዬውን በዓይኗ አይታው አታውቅም።»

«እኔን በየቀኑ ታየኝ ነበር» አልኳት።

«ታይህ ነበር። ግን ምን ትሠሪያለሽ ያላት እሱ ነው» ብላ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

የታገደ ሰው መጻፍ አይችልም፤ ማንበብ ግን ማንም አይከለክለውም። እኔ እስከዚያ ቀን የማነበው ስምዎን እያደንኩ ነበር እንጂ መጣጥፉን አንብቤው አላውቅም። ሌላ የምሠራው ስላልነበረኝ ከመጀመሪያው መስመር ጀመርኩ። ጥሩ ጽሑፍ ነው። የተወለድኩበትን አገር እንደ አዲስ አሳየኝ፤ ድልድዩን ስደርስበት ቁጥሩ የእኔ ቁጥር ነው። ከዚያ «መንገዶች» የሚለው ክፍል ውስጥ እርስዎ የሚሟገቱላትን ዓረፍተ ነገር አገኘኋት፦

«ዋናው መንገድ ሰባተኛው ኪሎ ሜትር ላይ የሚታጠፈው፣ አንድ ወጣት የመንገድ ሠራተኛ አንድ ትልቅ የዋርካ ዛፍ እንዳይቆረጥ መሐንዲሱን ለምኖ በማስቀየሱ ነው።»

ወጣቱ የመንገድ ሠራተኛ እኔ ነኝ።

ምንጭሽ የት አለ ብለው እርስዎም አንድ ጊዜ ጠይቀዋት ነበር። የመለሰችልዎትን ያስታውሱ ይሆናል፦ «ምንጩ እዚሁ ቤቴ ውስጥ ነው፤ ሲያንኮራፋ ይሰማኛል።» እርስዎ የቀለደች መስሎዎት አለፉት። እኔ እዚያ ላይ ደርሼ ወንበሩን ይዤ ተነሣሁ፣ ተመልሼም ተቀመጥኩ። ስንት ሳምንት ሙሉ ለእርስዎ ሰጠችው ብዬ የምቃጠልበት ገጽ ውስጥ፣ የግዛቱ ወንዝና ተራራ መሃል፣ እኔን አስቀምጣኛለች። ለጥቂት ቀን በእርስዎ ላይ ድል ያደረግኩ መሰለኝ። ደስታ ነበር፤ አልዋሽም።

አልዋሽም አልኩ እንጂ ዋሽቻለሁ። ያቺ ዓረፍተ ነገር ውሸት ናት።

የዛን ጊዜ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፣ ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር። ሜዳው ላይ ሁለት ረድፍ ችካል ነበር፤ አንዱ የተተወ የድሮ ጥናት፣ አንዱ አዲሱ። ምሳ በልቼ እንቅልፍ እየጎተተኝ ችካሌን በድሮው ረድፍ እየተከልኩ ቀጠልኩ። ስህተቱ የታወቀው ግሬደሩ ካለፈ፣ ጠጠሩም ከፈሰሰ በኋላ ነው። ማፍረስ ስላልተቻለ መሐንዲሱ እየተሳደበ «በመታጠፊያ አገናኙት» አለ። አዲሱ ረድፍ በዋርካው ላይ ያልፍ ነበር፤ ሳይቆረጥ የቀረው በዚህ ነው። ዋናው ቀያሽ ጥፋቱን በራሱ ላይ ወስዶ «ልጁ አዲስ ነው፣ አትክበዱበት» አለ። እርስዎ ስለ እኔ የጻፉትን ሳነብ ያ ሰውዬ ከመቃብሩ የተናገረ መሰለኝ። እርስዎም ጡረታ የወጡ ቀያሽ መሆንዎን ከውይይታችሁ አውቄያለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ በቀያሾች ስቀና ኖርኩ፤ ሁለቴ ከውርደት ሊያወጡኝ የሞከሩት ግን እነሱው ናቸው።

ከዓመት በኋላ ከባለቤቴ ጋር፣ ገና ሳንጋባ፣ በአውቶቡስ በዚያ መታጠፊያ አለፍን። እሷ የተማረች፣ እኔ ችካል ተካይ፤ የምነግራት ነገር አልነበረኝም። ዛፉን አሳየኋትና መሐንዲሱን እንዴት እንደለመንኩት አወራኋት። ዞር ብላ አየችኝ። እንደዚያ አድርጋ አይታኝ አታውቅም ነበር። ከተጋባን በኋላ «የወደድኩህ ያን ቀን ነው» ብላኛለች፤ አንድ ጊዜ ብቻም አይደለም። እንዴት አድርጌ ላፍርሰው?

ደብዳቤዎ ሲመጣ ይህ ሁሉ በውስጤ ነበር። ያም ሆኖ መጀመሪያ የሮጥኩት ወደ ንስሐ እንዳይመስልዎ። ጎረቤታችን የሳምንታዊው ጋዜጣ ጸሐፊ ነው። ጋዜጣ ላይ ከወጣ ምንጭ ይሆናል ብዬ ጠራሁት። ዛፉን ስላዳነው ሰው አንድ ዓምድ እሠራለሁ ብሎ ማስታወሻውን ይዞ መጣ፣ ሻይ ቀዳሁለት። ለመሆኑ መሐንዲሱ ሲለምኑት ምን አለ፣ ብሎ ጠየቀኝ። መልሱ አፌ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር፤ አውቶቡሱ ውስጥ ለእሷ የነገርኳት፣ ቃል በቃል፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ አንዲት ሳትጎድል። ያኔ የራሴን አፍ ፈራሁት። ራሴን አሞኛል ብዬ ሸኘሁት።

እሱ ከሄደ በኋላ ልጸልይ ተንበረከኩ፤ አልመጣ አለኝ። የመጣልኝ ይህ ነው፦ እኔ በእርስዎ ስቀና የቀናሁት በተሳሳተ ሰው ነው። ባለቤቴ የወደደችው ያን ዛፍ የለመነውን ወጣት ነው። ያ ወጣት ደግሞ የለም። እኔ በእሱ ፋንታ ገብቼ፣ በእሱ ወንበር ተቀምጬ፣ በእሱ ስም ተወድጄ ኖርኩ። መቅናት ካለብኝ በእሱ ነበር። እርስዎ ቢያንስ ለሐይቁ በእውነት ተከራክረው ነው ያገኙት።

ታውቅ ኖሯል ወይ? እላለሁ አንዳንዴ። ሴት ልጅ ከባሏ ጋር ይህን ያህል ዘመን ኖራ መሐንዲስ መለመን እንደማይችል ሳታውቅ ትቀራለች? ይህን የሚነግረኝ የለም። እርስዎም ቢያውቁ አይንገሩኝ።

ስለዚህ ዓረፍተ ነገሯን ይሰርዟት። እኔ ራሴ እንዳልሰርዛት እገዳዬ የሚያልቀው ከወሩ መጨረሻ በኋላ ነው። ልጄን ሰርዢልኝ ልላት እችል ነበር፤ በልጅ እጅ ንስሐ አይገባም። በምትኩ እውነቱን ይጻፉ እንዳልልዎት ለእውነቱም ምንጩ ያው እኔው ነኝ፤ የእኔን አፍ ደግሞ አሁን አይተውታል። ባዶውን ይተዉት። መንገዱ ይታጠፋል፤ ለምን እንደሆነ የግዛቱ አንባቢ ባያውቅ አይጎዳም። ስንሰርዝ ምክንያት የምንጽፍበት ትንሽ ሳጥን አለች አይደል? እኔ ባዶዋን እያለፍኳት ነው ያን ሁሉ ያጠፋሁት። እርስዎ እዚያ «ምንጩ ራሱ ቃሉን አንሥቷል» ብለው ይጻፉ። ስህተቱ የእሷ እንዳይመስል፣ ሰምታ ነው የጻፈችው ብለው ይጨምሩበት። እሷ የሰማችውን በትክክል ነው የጻፈችው።

ያን ጊዜ መጣጥፉ ያልፋል። የጻፉት ሰዎች ዝርዝር ላይ የእሷ ስም መጀመሪያ ይወጣል፣ ከሥሩ የእርስዎ፤ በመሃላችሁ ማንም አይኖርም። አይከፋኝም ብልዎ ሌላ ውሸት ይሆናል። ይከፋኛል። ይሁን፣ እንደዚያው ይጻፍ።

ባሏ