ፑሊ በደቦ አይያዝም

ቀን፦ ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእጅ ሙያ ሼዶች ማስተባበሪያ ጽ/ቤት
ለክቡር አቶ ታዲዮስ ምስክር፣ ኃላፊ
ቀየት

ጉዳዩ፦ ቶርኖው እንዳይወሰድብኝና የትልቅ ዕቃ መያዣው እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች በሼድ ቁጥር 3 ብረት እየቀረጽኩ ሁለት ልጆች የማሳድግ የቶርኖ ሠራተኛ ነኝ። ቶርኖ ብረት ነክሶ እያሽከረከረ የሚያስቀርጽ ማሽን መሆኑን ለክቡርነትዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል፤ ሆኖም ከጽ/ቤትዎ የደረሰኝን ማስጠንቀቂያ ያረቀቀው ሰው አላወቀውምና ጽፌዋለሁ።

1. ሚያዝያ 16 ቀን የወፍጮ ቤቱ ባለቤት አቶ ኪዳነ ወልድ የወፍጯቸውን ትልቁን ፑሊ፣ ቺንጋው ማለትም የጎማ ቀበቶው የሚዞርበትን የብረት መንኮራኩር፣ በአህያ ጭነው አመጡልኝ። ጠርዙ ተበልቶ ቺንጋው እየወጣ አስቸግሯቸዋል። ስፋቱ የሰፌድ፣ ክብደቱ የሁለት ሙክት ነው። የእኔ ባለ ሦስት መንጋጋ መያዣ ደግሞ ከድስት ክዳን የሰፋ ነገር አጥብቆ አይነክስም። እስከ መጨረሻው ብከፍተው በጫፉ ብቻ ይነካዋል፤ ያ ሁሉ ብረት እየተሽከረከረ ካመለጠ የሼዱን ቆርቆሮ በስቶ ይወጣል። ስለዚህ አይሆንም አልኩ።

2. አቶ ኪዳነ ወልድ ሰው አያጡም፤ በማግስቱ ደቦ ጠርተው መጡ! ስድስት ጎልማሶች፣ ባናቸውን እንደደረቡ፣ ጠላ በእንስራ አስከትለው። «አንቺ ማሽኑን አስነሺው እንጂ መያዙን ለእኛ ተይው» አሉኝ። እግዚኦ! የጎጆ ጣራ በሰው ብዛት ይነሳል፤ የሚሽከረከር ብረት ግን የያዘውን እጅ ይዞ ነው የሚዞረው። የአንዱ ባና ጫፍ ቢጠለፍ ሁሉንም እንደ ልቃቂት ይጠቀልላቸው ነበር። መብራቱን አጥፍቼ የሼዱን ቁልፍ በመቀነቴ ቋጠርኩ። ጠላውን ግን አብሬ ጠጥቻለሁ፣ አልክድም።

3. በዚህ ምክንያት «ተገልጋይ አጉላልታለች፣ ደቦ በትናለች» ተብዬ ቶርኖው ሐሙስ ግንቦት 14 ቀን ለሌላ ሰው እንዲተላለፍ ተወስኖብኛል። ክቡር ሆይ፣ አንጀቴ አርሯል። አሥራ አንድ ዓመት የማንም ጣት ሳይቆረጥ የሠራሁበት ማሽን ነው። አቶ ኪዳነ ወልድ ቢቆጡኝ አልፈርድባቸውም፤ ወፍጯቸው ቆሞ ሰፈሩ ገብሱን ተሸክሞ የሁለት ሰዓት መንገድ ይሄዳል።

4. ማሽኑ ሲመጣ ለትልልቅ ዕቃ የሚሆን ባለ አራት መንጋጋ ሰፊ መያዣ አብሮት መጥቷል። መንጋጋዎቹ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ስለሚጠብቁ ፑሊውን መሃሉን አስተካክሎ ይይዝልኛል፤ እኔም በዝግታ አሽከርክሬ በግማሽ ቀን እጨርሰዋለሁ። ሁለት ጊዜ በጽሑፍ ጠይቄ ንብረት ክፍሉ «እንዲህ ያለ ዕቃ የለንም» ሲል መልሶልኛል።

ስለሆነም ውሳኔው ታግዶ መያዣው እንዲሰጠኝ በትሕትና እለምናለሁ። ፍለጋው እንዳያደክምዎ ቦታውን ልጠቁም፤ ከቢሮዎ በር አጠገብ ባለጉዳይ የሚቀመጥበት፣ ሸራ የለበሰው የእንጨት ሳጥን ውስጥ ነው። በጎኑ የተጻፈው ቁጥር ከማሽኔ ቁጥር ጋር አንድ ነው። እርስዎን ለማግኘት ሦስት ሰኞ ተቀምጬበታለሁ፤ ይህንንም የጻፍኩት እዚያው ላይ ሆኜ ነው።

እስኪገቡ እየጠበቅሁ፣ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

በዛወርቅ መኳንንት
(ፊርማ)