አላርፍ ያለው ሣጥን

ለምወድህ ወንድሜ ለኢቬሊዮ፦

እንደምን ሰነበትክ? እንደምንስ ከረምክ? ጤናህ፣ ጉልበትህ፣ ሥራህ እንዴት ነው? ወደብ ላይ የተጎዳው ትከሻህ ዳነልህ ወይስ ዛሬም ብርድ ሲነካው ይጠዘጥዝሃል? ባለቤትህ ያይሳ እንዴት ናት? ኤቼዴይ የወለቀው ጥርሱ በቀለለት? ትንሿ ጋራስ አሁንም እንቅልፍ እምቢ ትላለች? እኔ እግሬ ይሄዳል፣ እጄም ይሠራል፤ ከዚህ የተረፈውን ከታች ታነበዋለህ። እባክህ ቁጭ ብለህ አንብበው።

አስቀድሜ ከጭንቀት ላውጣህ። አባባ አልታመመም። ባለፈው ቅዳሜ በጎረቤታችን በእትዬ ኦብዱሊያ ስልክ ደውለህ «ስንት ሰዓት አውሮፕላን ማረፊያ ቆሜ ጠበቅኩሽ! ለምን አልመጣሽም?» ብለህ ስትጮህብኝ አፌ ላይ የመጣልኝ ቃል «ታሟል» የሚል ነበር። አንተም ማን እንደሆነ ሳትጠይቅ «ወይኔ አባቴን!» አልክና መስመሩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ መድኃኒት ፍለጋ መንከራተትህን ከአክስታችን ከቶማሳ ሰማሁ። ተው ወንድሜ፣ አትድከም። አባባ ትናንት ጥቁር ባቄላውን በሩዝ ሁለቴ አስጨምሮ በልቶ «ጨው አንሶታል» ብሎ ተቆጥቶኛል። ታሟል ያልኩህ ሲጋሩ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። በሰኔ መጀመሪያ ያ ቀይ ፀጉር ያለው ጓደኛህ ሣጥኑን ይዞ ሲመጣ አባባ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር። ሃያ አምስት ሲጋር ተልኮለታል ስለው ከት ብሎ ሳቀ። «ለቀባሪው አረዱት! የትምባሆው አገር ሳን ሉዊስ ድረስ ትምባሆ ይላካል? ኢቬሊዮ ነገ ደግሞ ለባሕሩ ጨው ይልክለታል» አለ። ከዚያ ሣጥኑን ገልብጦ ከሥሩ የታተመውን ዓመት ሲያይ ሳቁ ቆመ። አንዱን አውጥቶ ጆሮው ሥር አድርጎ ጫን ጫን አደረገው፤ ጫፉን በጣቱ ዳሰሰው። «የእኔ እጅ ነው» አለ። የልጁን ያህል ነው የሚያውቀው። አርባ ዓመት ሲጠቀልል በየቀኑ ትኩሱን እያጨሰ ኖረ እንጂ የራሱን ሥራ ዘጠኝ ዓመት ሣጥን ውስጥ በስሎ ቀምሶት አያውቅም። እውነት እልሃለሁ፣ ያን ዕለት መረቅኩህ። እጅህ አይንጠፍ አልኩ።

ወረቀትህ ላይ «ዛሬውኑ አጭሰው» ብለህ የጻፍከውን ሳነብለት ግን ግንባሩን ቋጠረ። «ይሄ ልጅ የሰው ደሴት ገብቶ ሁሉን ረሳ እንዴ? በመርከብ ሄዶ፣ ብርድ ለብሶ፣ በአውሮፕላን ሆድ ተመልሶ መጥቶ፣ ዛሬ ልለኩሰው? ከመንገድ የገባ እንግዳ እግሩን ሳይታጠብ ወሬ ይጠየቃል? ይረፍ!» አለኝ። እርጥበቱ የተናጋ ሲጋር ባንድ ጎኑ እየነደደ በሌላው እንደሚቀር፣ የላይኛው ቅጠል እንደሚሰነጠቅ እኔም አውቃለሁ፤ የጠቃላይ ልጅ ነኝ። አርባ ቀን ይረፍ ብሎ ከቁም ሣጥኑ በታች አስቀመጠው፤ ከጎኑም አንድ ብርጭቆ ውኃ አኖረለት።

ያን ዕለት ነው ቃል የገባልኝ። አንተ ከስንት ልመና በኋላ ያስጨረስክልኝ የመውጫ ፈቃድ እስከ ሴፕቴምበር አምስት ብቻ እንደሚሠራ ያውቃል። ጉልበቱን እንዲህ እየቆረጠመው ብቻውን ትቼው እንደማልሄድም ያውቃል። «ሲጋሩ ሲያርፍ የመጀመሪያውን ካንቺ ጋር አጨሳለሁ። በማግስቱ ጓዜን ጠቅልዬ ቶማሳ ቤት እገባለሁ፤ አንቺም ወንድምሽ ጋ ትሄጃለሽ» አለኝ። እኔም ቀን መቁጠር ጀመርኩ። አርባ ቀን ምን አላት?

በአሥራ ስምንተኛው ቀን ዝናብ ገባ፣ ጣሪያው አፈሰሰ። አባባ ሣጥኑን ዳሶ «አየሩ ረጠበ፣ አብጧል፤ እንደገና ከአንድ» አለ። እሺ አልኩ። ሁለተኛውን ዙር ስንጀምር ወለል ልወለውል ቁም ሣጥኑን ብገፋው «ምነው ልጄ! የተኛ ይቀሰቀሳል? ከአንድ!» አለኝ። ሳቅኩ፤ ያኔ ገና መሳቅ እችል ነበር። ሦስተኛው ዙር ለምን እንደጀመረ አሁን ትዝም አይለኝ። ጧት ከቤት ወደምሠራበት የትምባሆ ቅጠል መምረጫ፣ ማታ ከመምረጫው ወደ ቤት። ገመዱ እንደረዘመላት ፍየል ነበርኩ፤ የምግጠው አለኝ፣ የምሄድበት የለኝም። ሻንጣዬ ከግንቦት ጀምሮ በር ሥር ቆሞ እንቅፋት ሆኖብኛል። ያማሩትን ቀሚሶቼን ለጎረቤት ልጆች አካፍዬ ጨርሻለሁ። መምረጫው ውስጥ ወንበሬ አጠገብ የምትቀመጠዋ ዱልሴ «አንቺ ገና አልሄድሽም እንዴ? ስንቴ ነው የምንሰናበትሽ?» እያለች ሴቶቹን ታስቅብኛለች።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል እትዬ ኦብዱሊያ በአጥር ጠሩኝ። «ነይማ አንቺ ልጅ፣ አባትሽን ምከሪልኝ! ጓሮዬን እኮ ጭስ ቤት አደረገው። አንቺ ከቤት ከወጣሽ ማንጎው ሥር ተቀምጦ ንጉሥ መስሎ ያጨሳል። ሽታው ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ እንዲህ ያለ ሽታ ካገባሁ ወዲህ አላሸተትኩም» አሉኝ። ቤት ገብቼ ሣጥኑን አወጣሁት። ሃያ አምስቱም አሉ፣ የወረቀት ቀለበታቸውም በየወገባቸው ነው። ክዳኑን ስከፍት ግን የበሰለ እንጨትና የማር ሽታ ሳይሆን የፈረስ ጋጣ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። አንተም አልረሳኸውም፣ ገና የተጠቀለለ ሲጋር እንዲህ ነው የሚሸተው። አንድም በተጠቀለለ በቀኑ ይጨሳል፣ አንድም ወራት ይጠበቃል። በመሃል ያለውን ነው እኛ «ታሟል» የምንለው።

አባባ አንዱን ባጨሰ ቁጥር ቀለበቱን ሳይቀድ አውልቆ፣ በዚያ በደረቀ ጣቱ አዲስ ጠቅልሎ፣ ቀለበቱን አጥልቆለት ይመልሰዋል። ሣጥኑ እንዴት ያርፋል? በየቀኑ አዲስ በሽተኛ ይገባበታል።

ከኦብዱሊያ ጓሮ ሲመለስ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩት። «አባባ፣ ስንቱን ጨረስክ?» አልኩት። ሊክድ አልሞከረም። «አሥራ ዘጠኝ። ገና በመጀመሪያው ሳምንት አርፎ ነበር። ብነግርሽ በማግስቱ ትሄጃለሽ» አለኝ። ጮህኩበት ኢቬሊዮ። በሕይወቴ ጮኼበት አላውቅም፣ ያን ዕለት ግን ጮህኩ። ዋሸኸኝ፣ አሠርከኝ፣ አርባ ሦስት ዓመቴ ነው፣ መቼ ልኖር ነው አልኩት። እስክጨርስ ሰማኝና «ቅጠሉን ከየት ያመጣሁት ይመስልሻል? ማን አመጣልኝ?» አለ። ያኔ ነው የገባኝ። «በአልኮል ዘፍዝፌ ጉልበቴን ልሽበት» ቢለኝ ከመምረጫው በመቀነቴ ደብቄ ያመጣሁለት ቅጠል ነው። የራሴን ገመድ ራሴ ነኝ የፈተልኩት።

ከዚያ የተናገረውን ልደብቅህ አልችልም። «ወንድምሽ ሁለት ዓመት ብሎ ሄደ፤ አሥራ አንድ ሆነው። ውሸትን ያስተማረኝ ልጄ ነው። እኔን ቶማሳ ቤት ጥግ እንደ ተሰበረ ወንበር አስቀምጣችሁ እናንተ ባሕር ዳር ልትኖሩ? ሂጂ። ማን ያዘሽ? በሩ ያው» አለኝ። ጠላሁት። አንተንም ትንሽ ጠላሁህ፣ ይቅር በለኝ። አንተ ሄደህ ስታበቃ የመሄጃውን በር እኔ ላይ ዘግተህ የሄድክ መሰለኝ።

ያም ሆኖ ልሄድ ነበር። ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ወደ ሃቫና የሚሄደው የጭነት መኪና ላይ ቦታ አስይዤ ነበር። ቶማሳም በማግስቱ መጥታ ልትወስደው ተስማምታለች። ሻንጣዬን አንስቼ ወጣሁ። አባባ ተወዛዋዥ ወንበሩ ላይ ነበር፤ አላለቀሰም፣ አልለመነኝም። «ደህና ሁኚ ልጄ። ሣጥኑን ብቻ አንዴ አሽትተሽልኝ ሂጂ። የእኔ አፍንጫ አርጅቷል፤ ቶማሳ እንደሆነች ስለ ትምባሆ የምታውቀው የለም» አለኝ። ምን ነበረበት? አንድ ደቂቃ ናት። ሻንጣዬን አስቀምጬ ጎንበስ አልኩ። ቅጠል መራጭ ስትሆን እጅህ ራሱ ይሠራል፤ አንዱን አነሳሁ፣ ዳሰስኩ፣ አሸተትኩ፣ አስቀመጥኩ፣ ሌላውን አነሳሁ። ከላይ ያሉትን ወደ ታች፣ የታችኞቹን ወደ ላይ አዛወርኩለት። መኪናው አንዴ ጥሩምባ ነፋ። ሁለቴ ነፋ። አሥራ አራተኛው ላይ ነበርኩ።

ሲሄድ ሰማሁት። ሮጬ አልወጣሁም። «እህስ?» አለ አባባ። «ታሟል» አልኩት። በማግስቱ ሌላ መኪና ነበር፣ እሱንም አልጠየቅኩም። ቅዳሜ አንተ ስትደውልም ያችው ቃል አፌ ላይ ነበረች።

እሑድ ፈቃዱ አለቀ። ሰኞ ጧት አባባ ፊቱን ተላጭቶ፣ ነጩን ሸሚዙን ለብሶ ጠበቀኝ። ሣጥኑን ጭኑ ላይ አድርጎ «ዛሬ አርፏል፤ ነይ ቁጭ በዪ» አለኝ። ቀኑን እሱም እንደኔ ሲቆጥር ኖሯል ማለት ነው። ጫፉን ቆርጦ ለኩሶ ሰጠኝ። ከተጠቀለለ ሳምንት የማይሞላው ነበር፤ ይመራል፣ ጉሮሮ ይቧጭራል፣ ዓይን ያስለቅሳል። «እንዴት ነው?» አለኝ። «በስሏል» አልኩት። እስከ ጫፉ አጨስኩት።

አሁን ወንድሜ፣ ለአባባም ለእትዬ ኦብዱሊያም ያልነገርኩትን ለአንተ ልንገርህ። እትዬ ኦብዱሊያ ነገሩኝ ያልኩህ እውነት ነው፤ ግን ከእሳቸው አልነበረም ያወቅኩት። በሐምሌ አጋማሽ ላይ አንድ ቀን አባባ ሳያየኝ ሣጥኑን ከፍቼ ነበር። ሽታው ያኔም ያው ነበር። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ የማውቀው ሽታ ነው፣ ዓይኔን ጨፍኜም አልስተውም። ክዳኑን መልሼ ገጠምኩና ማታ «አባባ፣ ገና ነው አይደል?» ብዬ ጠየቅኩት። «ገና ነው» አለኝ። ልቤ ዕርፍ አለ ኢቬሊዮ። የማያውቁት አገር፣ እንድንከባከብ የቀጠራችሁልኝን የማላውቃትን አሮጊት ማጠብ፣ ለአንተ ቤት ሸክም መሆን፣ ይህን ሁሉ ስፈራ ከርሜ ኖሯል። ይልቅስ ያሠረኝ ሰው ማግኘቴ ተመቸኝ። አባባ ላይ የጮህኩት ስለዋሸኝ አይደለም፣ ውሸቱን ስላቆመብኝ ነው። ይኸውልህ፣ አሁን ፈቃዱ አልቆ ሌላ መቼ እንደሚገኝ የማያውቅ ሰው ነኝ። መምረጫው ወንበሬን ለሌላ ሴት ሰጥቶ ነበር፣ ተለማምጬ በር አጠገብ ያለውን ሰጡኝ። መውጣት እንደምፈልግ አሁን ነው ያወቅኩት። ሲዘጋ ነው ያወቅኩት።

እንግዲህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ለያይሳ፣ ለእኔ ብላ በሰማያዊ የቀባችውን ክፍል ለትንሿ ጋራ እንድትሰጣት ንገራት፤ ልጅ የራሷ ክፍል ሲኖራት ትተኛለች። ለኤቼዴይ ጉንጩን ሳምልኝ፤ አክስቱ በፎቶ ብቻ የምትኖር ሰው አለመሆኗን ንገረው። ለአማትህ ለዶንያ ፒኖ ጤና ይስጥልኝ በልልኝ፤ ያቺን ልንከባከባት የነበረችውን አሮጊት ለሌላ ሰው እንዲሰጡ ይቅርታ ጠይቀህ ንገርልኝ። ለዚያ ለቀይ ፀጉሩ ጓደኛህም ሰላምታዬን። እትዬ ኦብዱሊያ ይስሙሃል። ቶማሳ ላንተ ስለት ገብታለች።

አባባም ሰላም ብሎሃል። ከዓይኖቼ ፊት ተቀምጦ ምን እንደምጽፍ ሳያውቅ «ያ ሣጥን ሊያልቅ ነው፣ ሌላ ይላክልኝ በይልኝ» እያለኝ ነው። እንዳለኝ ጽፌልሃለሁ። እባክህ ወንድሜ፣ አትላክ። ብትልክ እኔም አብሬው አሳርፈዋለሁ።

እህትህ ሚግዳሊያ

ሳን ሉዊስ፣ ፒናር ዴል ሪዮ
ሴፕቴምበር 9 ቀን 2010