«ስለ ስልኩ» የሚለው ገጽ

ማክሰኞ ጠዋት፣ ወሩ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው
ከመዝገብ ቤት

ለውድ ልጄ፣

ከዚህ በላይ አንድ የተሰረዘ ቃል ታያለህ። እጄ ለምዶበት የቤት ስምህን ጽፎት ነው። ሰባተኛ ክፍል ሳለህ በትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ በጓደኞችህ ፊት፣ «ድንቡሼ!» ብዬ ብጣራ ሦስት ቀን ሙሉ እንዳኮረፍከኝ አልረሳሁም። «ሁለተኛ እንዳትጠሪኝ» አልከኝ፤ እኔም ቃል ገባሁ። ስለዚህ ሰርዤዋለሁ። እንዴት ነህ? እኔና አባትህ ደህና ነን። ጉልበቱም ተሽሎታል።

ወደ ሌላው ከመግባቴ በፊት ጉዴን ልንገርህ፤ ከሰው ከምትሰማው ከእኔው አፍ ብትሰማ ይሻላል። እናትህ ትናንት ገንቢ ሆናለች።

አትሳቅ፤ ጥፋቱ ያንተ ነው። እሑድ በጓደኛህ ስልክ ደውለህ፣ «እማ፣ የምንደዋወልበት አፕ ወሩ ሲያልቅ አሮጌ ስልክ ላይ መሥራት ሊያቆም ነው። ያንቺ አዲስ ስለሆነ አያሰጋም። ብቻ ለማንኛውም ቨርዥኑን እዪና በሚቀጥለው እሑድ ንገሪኝ» አላልከኝም? መንገዱንም ነግረኸኛል፦ ቅንብሮች፣ ከዚያ ወደ ታች፣ አሁንም ወደ ታች፣ «ስለ ስልኩ»። የጠየቅከኝ አንዲት መስመር ነበር። እኔ ግን ሃያ ስድስት ዓመት መዝገብ ቤት የሠራሁ ሰው ነኝ፤ ገጽ ከፍቼ አንድ መስመር ብቻ አይቼ መዝጋት አልችልበትም። ሰኞ ቢሮ እንደገባሁ ንጹሕ ወረቀት አውጥቼ፣ በማስመሪያ አስምሬ፣ ገጹን ከራስጌው እስከ ግርጌው መገልበጥ ጀመርኩ።

የመጀመሪያው መስመር «የመሣሪያ ስም» ይላል። ፊት ለፊቱ ምን ተጽፎ ባይ ጥሩ ነው? «ድንቡሼ»። ልቤ እንዴት ሞቅ እንዳለው! በመዝገብ ቤት ደንብ የላኪው ስም ሁልጊዜ ከላይ ነው የሚቀመጠው። «ከማን እንደተላከልኝ እንዳልረሳ ብሎ፣ በዚያ በማይወደው ስም ፈረመልኝ» አልኩ። ይህችን ነገር ያዝልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ችግሩ የስክሪኑ መብራት ነው። አንዱን ቁጥር ጽፌ ሳልጨርስ ድርግም ይላል። በጣቴ ነካ ሳደርገው ይበራል። «የግንብ ቁጥር» የሚባል መስመር አለ፤ ስልክ ውስጥ የምን ግንብ እንደሚሠራ አንተ ታውቃለህ። ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት፣ ተጽፎ የማያልቅ ነገር ነው። እሱ ላይ ነካ፣ ጻፍ፣ ነካ፣ ጻፍ ሳደርግ ከታች አንድ ጽሑፍ ብልጭ አለ፦ «ገንቢ ለመሆን ሦስት ደረጃ ይቀርዎታል።» ደንግጬ ላጥፋው ብዬ ነካሁት። «ሁለት ደረጃ» አለኝ። አሁንም ነካሁት። በመጨረሻ «አሁን ገንቢ ነዎት!» ብሎኝ አረፈው። (ለካ ለፕሮግራም ሠሪዎች የተደበቀ በር ኖሮ፣ ቁጥሩን ሲደጋግሙ ሲነኩት ይከፈታል።)

ጩኸቴን ሰምታ ፎቶ ኮፒ የምታነሣዋ ጓደኛዬ ማሽኗን ትታ መጣች።

«ምን ሆንሽ?»

«ገንቢ ሆንኩ!»

«የምን ገንቢ?»

«እኔ እንጃ! ስልኩ ነው የሾመኝ።»

«በይ እንኳን ደስ ያለሽ። አለቆቻችን በሃያ ስድስት ዓመት ያልሰጡሽን እድገት ስልክሽ በአንድ ጠዋት ሰጠሽ።»

ወሬው ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ከእኔ ቀድሞ በር ላይ ደርሷል። ጥበቃው ብድግ ብሎ ሰላምታ ሰጠኝና፣ «ገንቢያችን፣ የእኔን አጥር መቼ ነው የምትጀምሪልኝ?» አለኝ። እስከ ዛሬም ስሜ ይኸው ሆኗል።

ቆይ፣ ፋይል ፈላጊ መጣ።

ተመለስኩ። ሰውየውን የማይፈልገውን ፋይል ሰጥቼው ሁለት ጊዜ አመላለስኩት። ከትናንት ወዲህ ነገሬ ሁሉ እንዲህ ነው፤ እቀመጣለሁ፣ እነሣለሁ፣ መሳቢያ ከፍቼ ምን ልወስድ እንደነበር ይጠፋኛል።

እነሱ ሲስቁ እኔ ሳቁን ያቆምኩት ገጹን ገልብጬ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ለማንኛውም ብዬ አፕዴት የሚደረግበትን ነካሁ። «ስልክዎ የተዘመነ ነው» አለኝ። እፎይ ብዬ አፑን ብከፍት፣ «ከወሩ መጨረሻ በኋላ በዚህ ስልክ ላይ አይሠራም» ይላል። አንድ ስልክ፣ ሁለት ምላስ! ወደዚያ ስሄድ የተዘመነ ነው፤ ወደዚህ ስመጣ አይሠራም። አሥራ አንድ ጊዜ ተመላለስኩ። ያ አፕ ከተዘጋ ድምፅህን በምን እሰማለሁ? በተራው መስመር መደወል ይወደድብኛል ብለኸኛል። የራስህን ቁጥር «እየቀየርኩት ነው፣ ሲረጋጋ እሰጥሻለሁ» ካልከኝ ዓመት ሊሞላው ነው።

ምሳዬን ትቼ ስልክ ጠጋኟ ጋ ሄድኩ። ከቢሯችን ጀርባ፣ በመድኃኒት ቤቱና በፀጉር ቤቱ መካከል፣ አንድ ሰው ብቻ የምታስገባ ሱቅ ያለቻት ወጣት ሴት ናት። ግንባሯ ላይ የሰዓት ሠሪ መነጽር አስራ፣ ብሎኖቿን በጠርሙስ ክዳን በየመጠናቸው ለይታ ነው የምትሠራው። ዕቃዋን እንዲህ የምትለይ ሴት ገና ሳያት ትመቸኛለች። ስልኩንም ወረቀቱንም ሰጠኋት።

«ይኼን ሁሉ በእጅዎ ጻፉት?»

«ከነማስመሪያው።»

ከዚያ ሁሉ ጽሑፍ ሁለት መስመር ብቻ አነበበች። ስሪቱ፣ ያ አንተ ቨርዥን ያልከው፣ ስምንት ነው። የመጨረሻው የደኅንነት ዝማኔ ቀን ከአምስት ዓመት በፊት ነው። «አፑ ይኼን ስሪት ከእንግዲህ አይቀበልም» አለችኝ።

«ታዲያ ለምን የተዘመነ ነኝ ይለኛል? ይዋሻል?»

«አይዋሽም፣ እማማ። የምችለውን ያህል ደርሻለሁ ማለቱ ነው። ከዚህ በላይ የሚሄድበት አቅም የለውም።»

«እንዴት ተደርጎ! ልጄ አምና ነው አዲሱን የገዛልኝ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «አምና?»

«አምና። ከትልቅ ሱቅ። ካርቶኑ ለመንገደኛ ሸክም ስለሚሆን ነው ያለ ካርቶን የላከው።»

ስናገረው ለእኔው ጆሮ እንዴት እንደተሰማ ልነግርህ አልችልም።

ሽፋኑን ፈልቅቃ አወጣችው። እኔ አውልቄው አላውቅም፤ «ይጠብቀዋል፣ እንዳታወልቂው» ብለኸኛላ። ከሥሩ ጠርዙ ዙሪያውን ተልጧል። አንዱ ማዕዘን ተፈግፍጎ ነጭ ሆኗል። መዳፍ የሚያርፍበት ቦታ ቀለሙ ለቋል። አዲስ ነገር በሽፋን ውስጥ ተቀምጦ እንዲህ አይሆንም፤ ይህ ስልክ የሰው እጅ ላይ ብዙ የዋለ ነው።

«ድንቡሼ ማን ነው?» አለችኝ፣ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሣ።

«ልጄ ነው። የላኪው ስም ነው።»

«እዚያ ላይ የላኪ ስም አይጻፍም፣ እማማ። የባለቤቱ ነው የሚጻፈው። ለራሱ ስልክ ያወጣው ስም ነው።»

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ልጄ፣ የላኪና የባለቤት መስመር አንድ ቀን ተምታቶብኝ አያውቅም ነበር።

ልጅቷ ደግ ናት። የተሻለ ስሪት ያለው ያገለገለ ስልክ እንዳላት፣ ቅዳሜ ፎቶውንም ቁጥሩንም ሁሉ እንደምታዛውርልኝ ነገረችኝ። ክፍያውን አንተ አታስብ፤ ተስማምተናል። «ይኼንን ለመለዋወጫ ልውሰደው?» ስትለኝ ግን እንዴት ከእጇ እንደመነጨቅኩት! ክዳኗ ተገልብጦ ብሎኖቹ ተበተኑ። ተንበርክኬ አብሬያት ስለቅም ቆየሁ። መልቀሙም በጀኝ፤ ቀና እንዳልል።

ወደ ቤት ስገባ ስልኩን ያለ ሽፋኑ ለአባትህ ሰጠሁት። መነጽሩን ፈልጎ አደረገና ስሙን አየ። ብዙ አየው።

«ይኼን ስም አይወደውም አልነበር እንዴ?» አለኝ።

«አይወደውም።»

ስልኩን በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። የጠረገውን ደግሞ ጠረገው። ከዚያ ጠረጴዛው መሐል እንደ እንቁላል በቀስታ አስቀመጠና፣ «እንዳትጽፊለት። ልጁን ታሸማቅቂዋለሽ» አለኝ። እሺ አልኩት። ይኸው ቢሮ ሆኜ እየጻፍኩልህ ነው።

አሁን አትደንግጥ፤ እየተቆጣሁ አይደለም። የቀድሞው ስልኬ ሳፋ ውስጥ ወድቆ የተበላሸ ጊዜ፣ በጎረቤት ስልክ «ድምፅህን ሳልሰማ መዋል አልችልም» እያልኩ ያለቀስኩብህ እኔ ነኝ። በአሥረኛው ቀን «አዲሱ» ስልክ እጄ ገባ። አሥር ቀን! ሰፈሩን ዞሬ ያላሳየሁት ሰው የለም። «ልጄ ከትልቅ ሱቅ» እያልኩ። አንዲት ጊዜ እንኳ ቁጭ ብዬ አላሰብኩም።

ትናንት ግን አሰብኩ፤ መዝገብ እንደሚገለጥ ዓመቱን ወደ ኋላ ገለጥኩት። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን በራስህ ስልክ አልደወልክልኝም። አንዱ ስልክ ከኋላው ሕፃን ያለቅስበታል። በአንዱ ላይ የሆነ ሰው «ቶሎ በል፣ ልወጣ ነው» ይልሃል። ፊትህን ካየሁ ስንት ጊዜዬ! የዚህኛው ካሜራ ተበላሽቷል፣ የዚያኛው መስመር ደካማ ነው። «የራስህስ ስልክ?» ስልህ ቻርጅ ላይ ነው ትለኛለህ። የኔ ልጅ፣ ዓመት ሙሉ ቻርጅ ላይ የሚውል ስልክ የት አገር ነው ያለው? እኔስ ይህን ሁሉ እሑድ እንዴት አመንኩህ?

«ደህና ነኝ፣ ምንም አልጎደለብኝም» ስትለኝ ደግሞ ዋሸኸኝ አልልም። ጠጋኟ ስለ ስልኩ «አይዋሽም፣ አቅም የለውም» ያለችኝን አስባለሁ፣ ከዚያም መቀመጫ አጣለሁ።

አሁንም ብድግ ብዬ ነበር። ፎቶ ኮፒ አንሺዋ ጓደኛዬ ከበሩ ብቅ ብላ፣ «ገንቢዋ፣ ወለሉን ጨረስሽው እኮ፤ ወይ ጻፊ ወይ ተቀመጪ» አለችኝ። ባሏ ነገ ማለዳ ለሥራ ወደ እናንተ ከተማ ይነሣል፤ ይህን ደብዳቤ በእጅህ የሚሰጥህ እሱ ነው። ሥራ ላይ ነኝ ብለህ በሰው እንዳትቀበል። ዓይቶህ እንዲመለስ እፈልጋለሁ፤ የገጠመውን የማይደብቅ ሰው ነው፣ እሱን የመረጥኩትም ለዚህ ነው።

አሁን ተራው የእኔ ነው፤ እንዳዘዝከኝ ልዘዝህ። በእጅህ ያለውን ስልክ አውጣ። ቅንብሮች ግባ፣ ወደ ታች፣ አሁንም ወደ ታች፣ «ስለ ስልኩ»። ስሪቱን ጻፍልኝ። ከላይ ያለውንም ስም ጻፍልኝ። የሌላ ሰው ስም ከሆነ ያንኑ የሌላ ሰው ስም ጻፍ። በእጅህ ስልክ ከሌለ ደግሞ መስመሩን ባዶ አትተወው። እኛ ጋ ባዶ መስመር አይፈቀድም፤ «የለም» ተብሎ ይሞላል። ሦስት ፊደል ናት፣ አትከብድም። እናትህ የምታነበው መዝገብ ላይ «የለም» ብሎ መጻፍ አያሳፍርም። እኔን የሚገድለኝ ባዶው ነው። ደብዳቤውን ያመጣው ሰው ሦስት ቀን ይቆያል፤ መልሱን በእሱው እጅ ስደድልኝ።

የተላጠው ስልክ መሳቢያዬ ውስጥ፣ ከገለበጥኩት ወረቀት ጋር በአንድ ፋይል ተቀምጧል። በባለቤቱ ስም ነው የከፈትኩት። ፋይሉ የሚዘጋው ባለቤቱ መጥቶ ሲፈርም ነው።

ቅዳሜ ጠጋኟ ስታዛውረው አፑ እሺ አለም እምቢ አለም፣ አባትህም የሰጠሁትን ቃል እንዳፈረስኩበት ሲያውቅ የሚለኝን፣ አንድም ሳላስቀር እጽፍልሃለሁ። እሑድ ግን እንደተለመደው ከምሳ በኋላ ስልኩን ይዤ እቀመጣለሁ። በማንም ስልክ ይሁን፣ ደውል።

የምትገባበትን በር የሚከፍትልህ፣ የምትወጣበትን የሚጠብቅልህ አምላክ እንቅልፍህን የሰላም ያድርገው። የምትበላው ይበርክትልህ፤ በቀን ስንቴ እንደምትበላም ጻፍልኝ።

እናትህ፣
ገንቢዋ

ድንቡሼ፣ ይህኛውን አልሰርዘውም።