የግራ እጅ ውርስ

መስከረም 13/74፣ ረቡዕ ማታ

ዛሬም አስራታለች! ከት/ቤት ስመለስ እናቴ የልጄን የትዕግሥትን ግራ እጅ በገዛ ሻሿ ከልጅቷ ወገብ ጋር ጠፍራዋለች። ልጅቷ በቀኟ ልትጎርስ ስትታገል ግማሹ ሽሮ ቀሚሷ ላይ። ፈታሁላት። እማዬ ጮኸች፣ እኔም ጮኽሁ። በግራዋ የምትበላ ሴት ማን ያገባታል ነው ነገሩ። ስድስት ዓመቷ እኮ ነው! ይባስ ብላ ጥፋቱን ለባሌ ወገን ትሰጣለች። እሱ ሰሜን ጦር ግንባር ነው፣ አይመልስላት። «በእኛ ዘር ግራኝ የለም» ብላ ዘጋችው።

15፣ ዓርብ

ሳይንስ፣ 8ኛ ክፍል። ስለ ውርስ አስተማርሁ። ከአያት ወደ እናት፣ ከእናት ወደ ልጅ፣ ሰሌዳው በቀስት ተሞላ። ቤት ስገባ ያው ሻሽ።

ከሰዓት የውይይት ክበብ። ካድሬው ሰውን የሚሠራው ኅብረተሰቡ ነው፣ አዲስ ሰው እንፈጥራለን አለ። ግራኝነትስ ብዬ ጠየቅሁ። የፊውዳል ሥርዓት ርዝራዥ ነው፣ በትግል ይጠፋል አለኝ። እጇ ነው የሚጠፋው ወይስ ማሰሩ? አልገባኝም። እሱም የገባው አይመስለኝም።

20

ልጄ መንተባተብ ጀምራለች። «እማ» ለማለት ሦስት ጊዜ ትሞክራለች። ሰኞ አንደኛ ክፍል ልትገባ ነው። ለማን ይነገራል? ለአንተው፣ ማስታወሻዬ።

22

የፎገራን ሜዳ ያጥለቀለቀው የክረምት ውሃ ገና አልሸሸም፣ እባቡ ሁሉ ወደ ሰው ቤት። ዛሬ አንዱ ከትዕግሥት አልጋ ሥር ተጠቅልሎ ተገኘ። እኔ ደርቄ ቀረሁ። እማዬ ዘነዘናውን ብድግ አድርጋ አናቱን አለችው።

በግራ እጇ!

መጀመሪያ ካደች። ኋላ ተቀምጣ ነገረችኝ። በልጅነቷ እናቷ በጠፍር ታስራት ነበር። እንዲያም ሆኖ ሙሽራ ሆና እንጀራ በግራዋ ቆረሰች፤ አማቷ በሰው ፊት ከመሶቡ አስነሳቻት። «አንች ስለ ዘር ታስተምሪያለሽ፣ እኔ የማስበው ስለ አማት ነው» አለችኝ። ተናደድሁ። አለቀስሁም። ዕድሜዬን ሙሉ አብሬያት ኖሬ አላየሁም!

24፣ እሑድ ማታ

ጠዋት ሻሹን እማዬ ራሷ ላይ አስራው አየሁት። ቸኩዬ ደስ አለኝ። ለትዕግሥት እርሳስ ሰጠኋት። ሁለታችንንም ቃኘችና ግራ እጇን ታፋዋ ሥር አድርጋ ተቀመጠችበት። ማንም ሳያስራት! እማዬ አየች።

ማታ የንስሐ አባታችን ለራት መጡ። መሶቡ ቀረበ፣ ባረኩ። እማዬ ቀኝ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከታ በግራዋ ቆረሰች። ወጡ ጉልበቷ ላይ ፈሰሰ። ትዕግሥት ሳቀች። ግራ እጇንም ከታፋዋ ሥር አወጣች።

እኔስ? እኔ የሳይንስ መምህርቷ! ሳላስበው የእማዬን ክንድ ይዤ ወደ ኋላ ጎተትሁ። አባ እያዩ ነው ብዬ። አባ ግን አንገታቸውን ደፍተው ይበላሉ። እማዬ ዞራ አየችኝ። ልጄ እጇን መልሳ ታፋዋ ሥር ከተተች።

ነገ ት/ቤት ራሴ አደርሳታለሁ። ለመምህሯ ግራኝ ናት፣ እጇን እንዳይነኩባት እላለሁ። ከማን ወረሰችው ካሉኝ፣ ከአያቷ። ፍርሃቱንስ ከማን ካሉኝ ግን…