ትሉን ስላመለከትን ማሳችንን ላነደዱልን ኃላፊ

ለተከበሩ የዕፅዋት ጤና ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ የማሳችን ጭስ ያስያዘዎት ሳል ፈጽሞ እንደለቀቀዎት ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከድልድዩ ማዶ ድንች አምራች የነበርኩ ሴት ነኝ። «የነበርኩ» የምትለዋን ቃል የሰጡኝ እርስዎ ነዎትና ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ባለቤቴ አንድ ድንች ሲሰነጥቅ ውስጡን የቦረቦረ ትል አገኘ፤ በአገራችን ታይቶ የማያውቅ፣ ሲያድግ ግራጫ የእሳት እራት የሚሆን ነው። እኔ ሞኟ «ጎረቤቱ ሁሉ አይቶ ዝም ብሏል፤ በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» ብዬ ብመክረው፣ «መንግሥት ካላወቀ መድኃኒቱ ከየት ይመጣል?» ብሎ ትሉን በጠርሙስ ይዞ መጣልዎ። ሦስት ቀን በረንዳ ላይ ስላስቀመጡት አመሰግናለሁ፤ እሱም ትሉም ትዕግሥት ተማሩ።

፪. በአራተኛው ቀን በመድኃኒት ፈንታ ናፍጣ አስጭነው መጥተው ማሳችንን፣ ጎተራችንን፣ ለዘር ያስቀመጥነውንም ሳይቀር አነደዱልን። ባለቤቴ የአጥር ጎረቤታችንንም ማሳ እንዲያዩ እግርዎ ላይ ወድቆ ሲለምንዎ፣ «ያላመለከተ ንጹሕ ነው» አሉት። እንዲህ አጭርና ግልጽ ሕግ ሰምቼ አላውቅም።

፫. አካባቢው ከተባይ ነጻ ነው ተብሎ ሲታወጅ ያ ጎረቤት የአርአያ ገበሬ ሽልማት ከእጅዎ ተቀበለ። ባለቤቴም ከበር ላይ ሆኖ አጨበጨበ፤ መሬታችንን እንዳናርስ ካሳገዱብን በኋላ በጽሕፈት ቤትዎ ዘበኝነት የቀጠሩት እርስዎ ነበሩና።

፬. መኪናዎ በመጣ ቁጥር ብድግ ብሎ በር ይከፍታል። አንድ ማታ እቤት ልጃችን «አባዬ፣ ትሉ ምን ይመስል ነበር?» ብላ ብትጠይቀው፣ «እኔ አላየሁም» አላት። ሃያ ዓመት አብሬው ስኖር ሲዋሽ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ይህን ሙያ ያስተማሩልኝ ጌታዬ፣ ውለታዎን በምን ልክፈል?

ዕድሜዎን እንደ ሪፖርትዎ ያርዝመው፤ ወንበርዎንም እንደ ሆድዎ ያስፋው።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የዘበኛዎ ሚስት

ማሳሰቢያ፦ ለግል እርሻዎ ያስጫኑት የዘር ድንች የተገዛው ከአርአያው ገበሬ ነው። በቀን ሠራተኝነት ጆንያውን የሰፋሁት እኔ ስለሆንኩ ውስጡን አይቻለሁ። ይህን ደብዳቤ ያዘገየሁትም የመጨረሻው መደብ ተዘርቶ እስኪያልቅ ብዬ ነው።